ቁጥር የተበየደባቸው ሁለት ሹል ብረቶች

እናንተዬ፣ በመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚጠፋው ሲሰረቅ ይመስላችኋል? ኧረ የት! ዕቃ የሚጠፋው ሲመዘገብ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቦታ ሥራ ላይ ይውላል። የተመዘገበ ግን... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

እኔ ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ቶርኖዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ስትነሳ ታጉረመርማለች፤ አንዴ ከሞቀች ግን ብረት እንደ እሷ አስተካክሎ የሚልጥ የለም። ያኔ ዓመት ሙሉ ቆማ ነበር። ለምን አትሉኝም? እኛ ጋ የተሰበረ ሁሉ "አዲስ ይገዛ" የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል እንጂ መቼ ይጠገናል!

አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘነበች በአይሱዙ ከች አሉ። እትዬ ዘነበች ቀይ አፈር ከተማ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ምላሳቸውም ከወፍጯቸው አያንስም። የወፍጮውን ዘንግ አስጭነው መጥተዋል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ አልቋል።

"ስማ አንተ ልጅ፣ ሐሙስ ገበያ ነው። ሴቱ ሁሉ ማሽላውን ተሸክሞ ይመጣል። በዚህም ሳምንት ልመልሳቸው?"

"እትዬ፣ እስከ ሐሙስ..."

"እስከ ረቡዕ!"

ያለፈው ሐሙስ መልሰዋቸዋል። አንዲት የደረሰች እርጉዝ እህሏን እንደተሸከመች ያን ሁሉ መንገድ ስትመለስ አይቻለሁ ሲሉኝ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኝ። መሥሪያ ቤታችንም በሩ ላይ "ኅብረተሰቡን በቅንነት እናገለግላለን" ብሎ ለጥፏል። እሺ አልኳቸው።

ይኸውላችሁ፣ ዘንግ በቶርኖ ለመላጥ ከግራና ከቀኝ ሁለት ብረቶች ጫፍና ጫፉን ወጥረው መያዝ አለባቸው። ሴንተር ይባላሉ። ፊታቸው ሹል ነው፤ ጀርባቸው ደግሞ ሾጠጥ ያለ፣ ማሽኑ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ጥብቅ የሚል። ብሎን የላቸው፣ ብየዳ የላቸው... የሚይዛቸው ልስላሴያቸው ብቻ ነው። መሳቢያዬን ከፈትኩ። ሁለቱም የሉም!

ወደ ንብረት ክፍል ሮጥኩ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ጋሼ፣ የቶርኖ ሴንተር እርስዎ ጋ አለ?"

መዝገቡን ገለጡ። "ሴንተር የሚባል ንብረት የለንም።"

"ሹል ናቸው፣ ይቺን የሚያክሉ..."

"እ! 'ሹል ብረት፣ ብዛት ሁለት'። እንደሱ በላ! ከማሽኑ ጋር ቢቆዩ ይበላሻሉ ብዬ አምና በቆጠራ ጊዜ ቆልፌባቸዋለሁ።"

ቅጽ ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ አስፈረምኩ። በጋዜጣ የተጠቀለሉትን ሕፃን እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ጋዜጣውን ገለጥ አደረግሁ። የንብረት ቁጥር! በቀለም መሰላችሁ? በብየዳ! ያ ልስልስ ያለው ጀርባቸው ላይ "ጋ/ክ/ሹ/ብ/0017" የሚል፣ ከዕቃው የሚረዝም ቁጥር ዙሪያውን ተጠምጥሞባቸዋል።

"ጋሼ! ምነው እዚህ ላይ?"

"ልስልስ ያለው ቦታ እሱ ነበራ! ለመጻፍ ይመቻል። ቀለም ደግሞ ይለቃል።"

ይዣቸው ወደ ቶርኖዬ ተመለስኩ። ጉድጓዱ ጋ ብወስዳቸው አፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ጎረቤቴ በያጁ አበራ ጭንቀቴን አይቶ መጣ። ቁጥሩን የጻፈው ራሱ ነው።

"ካልገባልህ ከማሽኑ ጋር አያይዤ ልበይድልህ?"

ለአበራ የማይበየድ ነገር የለም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘሁት።

ተመልሼ ጋሽ ሙሉጌታን ቁጥሩን ልፋቀው አልኳቸው። "ቁጥር ማጥፋት ንብረት ማጥፋት ነው!" ብለው ቱግ አሉ። ኮሚቴ መወሰን አለበት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ናቸው። የምን ሥልጠና? ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ! የሚመለሱት በሁለት ሳምንት ነው።

የጋራዡን በር ዘጋሁ። ብየዳውን በግራይንደር አነሳሁ፤ ከዚያ ሞረድ። ጥላሸት ቀብቼ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባለሁ፣ ጠምዘዝ አድርጌ አወጣለሁ፤ ጥላሸቱ የለቀቀበት ቦታ እብጠት ነው፣ እሱን ብቻ ሞረድ። እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና ሞረድ... ማክሰኞ ሄደ። ፊቴ ከሰል ሻጭ መሰለ። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ በመዳፌ ገፋ ባደርጋቸው ጥብቅ! ብቻዬን እልል አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዘንጉን ስልጥ ዋልኩ፤ ማታውን ቀይ አፈር ገባ።

ሐሙስ እትዬ ዘነበች ደወሉ። ስልኩን ወደ ወፍጮው አዙረው ድምፁን ብቻ አሰሙኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልዋሻችሁም።

በወሩ ሰብሳቢው ከሐዋሳ ተመልሰው ኮሚቴው ለቆጠራ መጣ። ቶርኖዋ እየዞረች ነው።

"ሹል ብረት 0017?"

"ያው፣ እየሠሩ ነው።"

"ቁጥራቸውን አሳየን።"

"ፍቄዋለሁ።"

ሰብሳቢው ዓይናቸው እያየ "አልተገኘም" ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ "ከመዝገብ ውጭ በትርፍነት የተገኘ ሹል ብረት፣ ሁለት። ነገ ቁጥር ይበየድባቸው" ብለው አከሉ። አበራ ከበስተኋላ የብየዳ መነጽሩን መወልወል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለእናንተ ብቻ ነው የምነግረው። ሴንተሮቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዘንጉን ባመጣው በዚያው አይሱዙ ቀይ አፈር ለእትዬ ዘነበች ላክኋቸው። በነጋታው ኮሚቴው ፈለገ፣ አጣ፤ ያልተገኘውን 0017ንም ትርፉንም ከመዝገብ ሰረዘ። በመዝገብ ጎደሎም ትርፍም አይደሉም፤ ጭራሽ የሉም። ኮሚቴው ሲሄድ ወደ ቶርኖዬ መለስኳቸው፤ ከሌሉበት ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ሥራ ፈትተው አያውቁም።

ኮሚቴው ፈልጎ ያጣቸው ዕለት ማታ እትዬ ዘነበች ደውለውልኝ ነበር። "እንግዶችህ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ደህና ውለዋል" አሉኝ፤ "ግን እስቲ ንገረኝ፣ ከየትኛው ሌባ ነው የምንደብቃቸው?"