ለእጩዋ የተተከለው ድንኳን

ድሮ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ጫማው ያልቅ ነበር። ቤት ለቤት ይዞራል፣ የማያውቀውን ሕፃን ይስማል፣ ያልታመመ ሽማግሌ እንዴት አደሩ ብሎ ጤና ይጠይቃል። ዛሬ የሚያልቀው የስልኩ ባትሪ ነው። እጩው ፎቶውን ይለጥፋል፤ ወዳጆቹ ልብ ይልኩለታል፤ ጠላቶቹ ደግሞ ያቺን እንባዋ እስኪፈስ የምትስቀውን ቢጫ ፊት። ከዚያ ሁለቱም ወገኖች አገር ያቀኑ ይመስላቸውና ይተኛሉ። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ አውራ ጣት ግን ጭራሽ ዳገት መኖሩንም አታውቅም። እኔ ለራሴ ፌስቡክ ላይ የእጩ ሐሳብ አንብቤ አቋሜን የቀየርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የተሰደበውን ስድብ አይቼ እጩውን የወደድኩበት ቀን ግን አለ። እናንተስ? ተናገሩ እንጂ፣ እዚህ ያለነው እኛው ነን።

ትልልቆቹ ምርጫዎች የሚያወራላቸው ሞልቷል። እኔ የማጫውታችሁ መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ስላለው ዕድራችን ምርጫ ነው። «ዕድር ደግሞ ምን ምርጫ አለው?» የሚል ሰው፣ ሰብሳቢው የተቀየረበትን ዕድር አይቶ አያውቅም። ፓርላማ ቢጣላ ተጣልቶ ይበተናል፤ ዕድርተኛ ግን ተጣልቶም በማግስቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ መቆርጠም አለበት።

እኔ ከደሴ መጥቼ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ምሕረት ፋርማሲስት ናት፣ ያውም የዚሁ ሰፈር ልጅ። ሆኖም የዕድሩ አባል እኔ ነኝ። ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር ዕድሩ የሚያውቃት የመምህሩ ባለቤት ተብላ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ አንድ ቤት፣ አንድ አባል፤ አባሉም አባወራው። ባል ሲሞት አባልነቱ ወደ ሚስት ይዞራል። ባል ሳይሞትስ፣ ሳይኖርስ? እዚህ ላይ ደንቡ ዝም ይላል።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ለተብርሃን የተጋፈጠችው ይህን ዝምታ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም በእሷ መኪና ስር ያላለፈ የለም። ባሏ ተስፋይ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ። መርዶ አልመጣ፣ ሰውየው አልመጣ። ዕድሩ ደግሞ በስሟ ሊመዘግባት «ሞቷል በይ» አላት። አልልም አለች። እኔ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስንት ነገር አለ፤ እሷ ግን አንዲት ቃል ከአፏ ባለማውጣቷ በስብሰባ ላይ ድምፅ አጥታ ኖረች። እና ዘንድሮ የሰብሳቢ ምርጫ ሲመጣ እጩ ሆና ቀረበች። ደንቡን ቢያገላብጡት አባል ያልሆነች ሴት እንዳትመርጥ እንጂ እንዳትመረጥ አይከለክልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረማ! ስለዚህ መመረጥ ትችላለች፣ መምረጥ አትችልም። ሕግ ስናወጣ እንዲህ እንራቀቃለን።

ተፎካካሪዋ አቦይ ኪሮስ ናቸው። ለብዙ ዘመን ሰብሳቢ የነበሩ፣ የሰፈሩን ቀብር ሁሉ ያስፈጸሙ፣ ጨዋ ሽማግሌ። እሳቸው ስልካቸውን የሚያነሱት ሲጠራ ብቻ ነው፤ ደጋፊዎቻቸው ግን ፌስቡኩን ተቆጣጥረውታል። ከሰማይ በድሮን የተነሳ የዕድር ቪዲዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አየን። ከሥሩም አንዱ ደጋፊያቸው «ሴት ልጅ የድንኳን ምሰሶ ትሸከማለች እንዴ?» ብሎ ጻፈና ልብ በልብ ላይ ተነባበረለት። ለወይዘሮ ለተብርሃን ይህ ቀልድ አልነበረም። ከተሸነፈች «ሞቷል በይ» የሚለው ነገር እንደገና እስከሚቀጥለው ምርጫ በሯን ማንኳኳቱ ነው።

ምሕረት ይኼን ስታይ የዘመቻ ኃላፊነቱን ራሷ ለራሷ ሰጠች። ሐሙስ ረፋድ ላይ የወይዘሮ ለተብርሃንን ከሁሉ ያማረ ፎቶ መረጠች፤ ነጭ ነጠላ፣ ረጋ ያለ ፈገግታ። ዙሪያውን በአበባ አስከበበችው። ስሟን በትልቁ፣ ከሥር ደግሞ በትንሹ የምትወዳደርበትን ምክንያትና «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ» የሚል ጻፈችና በዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋ፣ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ አድርጋ ወደ መድኃኒቷ ተመለሰች።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ግሩፕ የተከፈተው ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረው ኔትወርክ የተመለሰ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚመጣው መርዶ ብቻ ነበርና ግሩፑም ሌላ ሥራ ሳይለምድ ቀረ። ፎቶ፣ ስም፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፤ ይኸው ነው። ሰርግ እንኳ ተለጥፎበት አያውቅም። ስለዚህ ሰዉ ፎቶውን እንዳየ ከሥር ያለውን ማንበብ አላስፈለገውም።

እኔ ከክፍል ስወጣ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። «ነፍሳ ይምሓር»፣ ነፍሷን ይማር፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አንዷ «የልጄን ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ ቶሎ ያድጋል ብላ እጥፋት ትተውለት ነበር» ብላ ጽፋለች። ያ ስለ ምሰሶው የጠየቀው ሰውዬ ደግሞ ከሁሉ የረዘመውን ጽፏል፤ እናቱ የታመሙ ጊዜ እንዴት እንዳስታመመችለት፣ ሰፈሩ እንዴት ያለ ምሰሶ እንዳጣ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። ጠዋት በሰላም አደርሽ ወይ ብያት ወጥቼም ሳለ እኔም አመንኩ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወረድኩ።

ስደርስ አቦይ ኪሮስ በሯ ላይ ድንኳን እያስተከሉ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ምሰሶውን ወደዚህ፣ ገመዱን ወደዚያ ይላሉ። ድምፃቸው ይቆራረጣል። ከቁሓ የመጣች የወይዘሮ ለተብርሃን የአክስት ልጅ ከታክሲ ወርዳ «ዋይ ሓፍተይ!» ወይ እህቴ እያለች ደረቷን ስትደቃ በሩ ተከፈተ። ሟች ወጣች። ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ የውጭውን ጫጫታ ሸፍኖባት ኖሯል።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

የቁሓዋ ዘመድ መጀመሪያ አማተበች፤ ቀጥላ ተቆጣች።

«ከቁሓ እስከዚህ ያለቀስኩትን እንግዲህ ምን ላድርገው?»

አቦይ ኪሮስ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ቆሙ። ከዚያ ተጠግተው ትከሻዋን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ አለሽ?» አሏት፤ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባቸው።

ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው መጥቷል፣ ሰው መጥቷል። ማን ይሂድ? ተቀመጥን። ምሕረትም በስንት ጥሪ ስልኳን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ እየበረረች መጣች። እኔ ስልኬን አወጣሁና የተጻፈውን ለሟች አነበብኩላት። የምሰሶው ሰውዬ ጋ ስደርስ ሰውየው መሬት መሬት እያየ ስልኩን ይነካካል፤ ሊያጠፋው መሆኑ ነው። ምሕረት ግን ፎቶ አንስታ አስቀርታዋለች። እኔ ያገባኋት ሴት እንዲህ ናት።

ወይዘሮ ለተብርሃን ሁሉንም ሰማች። ስትስቅ ቆየችና ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«አቦይ ኪሮስ» አለች፣ «በማን ስም ልትቀብሩኝ ነበር?»

«እንዴት በማን ስም?»

«ጥሩንባ የሚነፋው ምን ብሎ ይነፋ ነበር? እኔ አባል አይደለሁም።»

«የአባላችን የተስፋይ ባለቤት ብለን ነዋ።»

«ተስፋይ የታለ?»

በዚያ ሰፈር ይህ ጥያቄ የእሷ ብቻ አልነበረም። ከአግዳሚው ጥግ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ለእነሱም መርዶም ሰውም አልመጣም። አቦይ ኪሮስ ተነስተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱና ቤታቸው ሄዱ።

ምሕረት ያን ዕለት ማታ ግሩፑ ላይ «ወይዘሮ ለተብርሃን በሕይወት አለች» ብላ ማስተካከያ ጻፈች። የሞቷ ዜና ካገኘው ምላሽ ሩቡን እንኳ አላገኘም። ሰው በሕይወት ስለመኖሩ ማን ልብ ያባክናል? ነገር ግን የተጻፈው ምስጋና ተጽፏል። ሐሙስ «እንዲህ ያለ ሰው አናገኝም» ያለ ሰው እሁድ አትረባም ሊል አይችልም። እኔ እስካሁን የማኅበራዊ ሚዲያን ዘመቻ በተንኮሉ ነበር የማውቀው። ለካስ ሰው ስልኩ ላይ ሆዱ ውስጥ ያለውንም ይጽፋል፤ የሚጽፈው ያመለጠው ሲመስለው መሆኑ ነው ክፋቱ። በቁማችን ሳለን ብንጻጻፈው ምን ነበረበት እላለሁ፣ እኔም ራሴ ለማንም ሳልጽፍ።

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አሸነፈች። በሰፊው አይደለም፣ ግን አሸነፈች። አቦይ ኪሮስም «ለተፎካካሪው ድንኳን ተክሎ የተሸነፈ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ብለው እጇን ጨበጡ። እኔ የምነግራችሁ ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው።

እሁድ ስብሰባው እንደተከፈተ መጀመሪያ የተነሱት አቦይ ኪሮስ ናቸው። «ሐሙስ የተጠየቅሁትን ልመልስ ሦስት ቀን አሰብኩ፤ መልስ የለኝም። ደንቡ ነው የጎደለው» አሉ። ማንም ሴት ባሏ የት እንዳለ ሳትጠየቅ በገዛ ስሟ ትመዝገብ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ያጉረመረመ ነበር፤ ቢሆንም አለፈ። ሴቶቹ ሊመዘገቡ፣ ወንዶቹም ድምፅ ልንሰጥ በአንድ ሰልፍ ቆምን። ምሕረት ከእኔ ኋላ ሳይሆን ከእኔ ፊት ቆመች፤ ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው።

የወይዘሮ ለተብርሃን ተራ ሲደርስ ጸሐፊው ስሟን ጻፈና እስክሪብቶውን የተስፋይ ስም ላይ አሳረፈ።

«ይሄንን እንግዲህ እንሰርዘው?»

«ለምን ይሰረዛል? እኔ ገባሁ እንጂ እሱ ወጣ አልኩ?»

«አባል ከሆነ እኮ ድምፅ አለው» አለ ጸሐፊው ግራ ገብቶት። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ «እሷው ትስጥለት፣ ሚስቱ አይደለች?» አለ።

«አይሆንም» አለች። «ተስፋይ እኮ የሚመርጠው አቦይ ኪሮስን ነው። አውቀዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቦይ ኪሮስ ግን አልሳቁም። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ የድምፅ መስጫ ወረቀት አነሱ፤ አጠፉትና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይቆየው» አሉ። «ሲመጣ ራሱ ይነግረናል።»