ሊቁ ሻንሲ ሲያለሰልስ

[የአንድ ግቢ ጓሮ። የፒክአፕ መኪና ሻንሲ፣ ካቢኑም ሞተሩም የሚቀመጥበት ያ ረጅሙ የብረት አጥንት፣ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ሊቁ የቤቱ አማች ነው፤ ሊቅነቱን የሾመው የለም፣ ራሱን በራሱ ነው የሾመው። ፈዛዛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሊቁ ነው። ሁለቱም የሽቦ ብሩሽ ይዘው ይነታረካሉ።]

ሊቁ፦ ወደ ፊት ብቻ አልኩህ። ብሩሹ ወደ ኋላ ሲመለስ ያነሳውን ዝገት መልሶ ይለጥፈዋል።

ፈዛዛው፦ ወደ ፊት ገፍቼ ስጨርስ ታዲያ እጄን ምን ላድርገው፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ ታነሳዋለህ፣ በአየር ትመልሰዋለህ፣ እንደገና ትገፋለህ።

ፈዛዛው፦ በአየር።

ሊቁ፦ በአየር። እናትህ የመኪና ቁልፍ የማያምኑህ ወደው መሰለህ? ብሩሽ መያዝ ያቃተው እጅ መሪ ሊይዝ ነው?

ፈዛዛው፦ እማዬ እርስዎን እንኳ አምና ነበር።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

ፈዛዛው፦ ምንም። ያ ድልድይ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሊቁ፦ ድልድዩ ጠባብ ነበር።

ፈዛዛው፦ አውቶቡስ ያልፍበታል።

ሊቁ፦ አውቶቡስ የሚያልፈው ሹፌሩ ስለማያስብ ነው። እኔ እያሰብኩ ነበር። አሳቢ ሰው አንዳንዴ ድንጋይ ይነካል።

ፈዛዛው፦ ድንጋዩ ነው የነካን፤ ሻንሲው እስኪሰበር።

ሊቁ፦ ለዚህ አይደል እንዴ ሌላ የተገዛው? ስማኝ። እናትህ የሚሸጡትን ብሎኬት በሰው መኪና ማስጫን መሯቸዋል። ዛሬ ቀለም ቀቢው መጥቶ ሻንሲው ለቀለም ደርሷል ካለ፣ ቁልፉ ወደ እጄ ይመለሳል። ካላለ ደግሞ በዚህ ቤት የመኪና ወሬ እንዳላነሳ አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ አታበላሽብኝ።

ፈዛዛው፦ እሺ ጋሼ። [ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያያል] ይሄ ጎኑ ጎበጥ አላለም?

ሊቁ፦ ታስቦበት ነው የጎበጠው። ጭነት ሲያርፍበት ቀጥ ይላል።

ፈዛዛው፦ እኔ ጭነት ስሸከም ነው የምጎብጠው።

ሊቁ፦ ብረት ከሰው ይለያል።

ፈዛዛው፦ ያኛው ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ሊቁ፦ የቱ?

ፈዛዛው፦ ያ ዝገት የለበሰው። ነጋዴው የተገዛውን አምጥቶ ከተሰበረው ጎን ጥሎት የሄደ ቀን፣ እርስዎ መጥተው «ያኛውን ለቁራሌው ስጠው፣ ይሄኛውን እናዘጋጃለን» ያሉኝ ጊዜ።

ሊቁ፦ አሁንም እላለሁ። የዛገው አሮጌው ነው፤ ቀለም ያለው አዲሱ። ለዚህ ትምህርት አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። የአንተ ዓይን ለጌጥ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ።

ፈዛዛው፦ እኔማ ያን ቀን «ጋሼ» ብዬ ጀምሬ ነበር።

ሊቁ፦ «ጋሼ» ብለህስ ምን አልክ?

ፈዛዛው፦ «ዝም በል» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ሊቁ፦ በሕይወትህ አንድ ነገር በትክክል ሠርተሃል። ለመሆኑ ከግቢ አውጥተህልኛል?

ፈዛዛው፦ የዚያኑ ዕለት።

ሊቁ፦ ተቀባይ አገኘህለት?

ፈዛዛው፦ ደስ ብሏቸው ነው የወሰዱት።

ሊቁ፦ ዝገት ተሸክሞ ደስ የሚለው ሰው። ዓለም በእናንተ ዓይነቶቹ ተሞልታለች። እሺ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነህ ጨረስክ?

ፈዛዛው፦ በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የቀሩት እዚያ ጫፍ ያሉት ናቸው።

ሊቁ፦ [እየዳበሰ] የሕፃን ጉንጭ። ፋብሪካው እንዴት እንዳላፈረ ነው የሚገርመኝ፤ ይሄን ሁሉ ቀዳዳ ትቶ ሻንሲ ብሎ ይሸጣል። ውሃ በዚያ ገብቶ ነው የሚያዝገው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ልብ አላለም።

ፈዛዛው፦ ቀዳዳዎቹ ግን ግራና ቀኝ ትክክል ለትክክል ናቸው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ዝገት ሲበላ በሥርዓት ነው የሚበላው።

ፈዛዛው፦ ውስጣቸው ጥርስ ነበረው። ብሎን የሚገባበት ዓይነት።

ሊቁ፦ ለአንተ ሁሉ ነገር ብሎን ነው።

ፈዛዛው፦ ካቢኑ ታዲያ በምን ይታሰራል?

ሊቁ፦ ካቢኑ ከባድ ነው።

ፈዛዛው፦ አዎ፣ ከባድ ነው።

ሊቁ፦ ከባድ ነገር የት ይሄዳል? እዚያው ይቀመጣል።

ፈዛዛው፦ ዳገት ላይስ?

ሊቁ፦ [ያስባል] ዳገት ላይ ቀስ ብለን እንነዳለን።

ፈዛዛው፦ እሺ። አሁን በቲነር ጠርጌ ላድርቀው?

ሊቁ፦ ጥረግና ስታበቃ በዚያ ቆርቆሮ ያለውን የተቃጠለ ዘይት አንድ ጊዜ ቀባ ቀባ አድርገው።

ፈዛዛው፦ ዘይት? ጋራዥ ያሉት ሰዎች እኮ በባዶ እጅ እንኳ አትንኩት ነው የሚሉት። ቅባት የነካው ብረት ቀለም አይዝም፣ ይላጣል ይላሉ።

ሊቁ፦ ቆዳህ ሳይቀባ ሲቀር ምን ይሆናል?

ፈዛዛው፦ ይሰነጠቃል።

ሊቁ፦ ቀለም የብረት ቆዳ ነው። ከሥር ወዝ ካላገኘ ይሰነጠቃል። ጋራዥ ያሉት ይሄን ቢያውቁ ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሥር ተጋድመው ይኖሩ ነበር? ቀባው።

[ፈዛዛው አንዴ ዘይቱን፣ አንዴ ሊቁን አይቶ ትከሻውን ሰብቆ ይቀባል። ከደጅ የመኪና ክላክስ ይሰማል።]

ሊቁ፦ ቀለም ቀቢው መጣ። ኮቴን አቀብለኝ። ሲገባ አንተ አትናገር፤ ሥራው ራሱ ይናገራል።

ፈዛዛው፦ ቀለም ቀቢው አይደለም፣ ጋሼ። እሱማ ሥራውን ጨርሷል።

ሊቁ፦ የምኑን ሥራ? ሻንሲው እዚህ አይደል እንዴ የተኛው?

ፈዛዛው፦ የዚያኛውን። ለቁራሌው ስጠው ያሉትን ጋራዥ ነው የወሰድኩት። ዝገቱ ከላይ ብቻ ነበር፤ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነው እንጂ ብረቱ ጤነኛ ነው። ፋቁት፣ ቀቡት፣ ካቢኑንም አሰሩበት። ብሎኖቹ ቀዳዳ አላጡም።

ሊቁ፦ [ሻንሲውን እያየ] እና ይሄ?

ፈዛዛው፦ ይሄ ድልድዩ ላይ የሰበሩት ነው። ስብራቱ ከስቱኮው ሥር ነው ያለው። እርስዎ መኪናውን ነዱት እንጂ አንድ ቀን ከሥሩ ገብተው አላዩትም።

ሊቁ፦ አንተ ከእኔ ጋር ስትፍቅ፣ ስትደፍን፣ ስታለሰልስ አልነበረም እንዴ የከረምከው? እያወቅህ?

ፈዛዛው፦ እማዬ ናት የመደበችኝ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ አብረኸው ሁን፣ ጋራዥ ድረስ መጥቶ እንዳይነካብን» አለችኝ። ብሩሽም በአየር መለስኩ፣ ምን ላድርግ። እጄ ዝሎ አልቋል።

ሊቁ፦ [ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል] ቢያንስ ይሄን ለቁራሌው ስጡት። የለፋሁበት ብረት ነው፤ ዝም ብሎ አይቅር።

ፈዛዛው፦ ትናንት ምሳ ሲበሉ አስገብቼ አሳየሁት። ስቱኮ የጠገበ ብረት አልወስድም ብሎ ሄደ።

[ክላክሱ ደጋግሞ ይሰማል።]

ሊቁ፦ ቁልፉ ታዲያ ማን እጅ ገባ? አንተ ነህ?

ፈዛዛው፦ እኔማ ዘገምተኛ ነኝ፣ ያውቁ የለ። እህቴ ናት የምትነዳው። በሩን ክፈቱልኝ እያለች ነው።

ሊቁ፦ ሚስቴ? ሚስቴም ታውቅ ነበር?

ፈዛዛው፦ ከመጀመሪያው ቀን።

ሊቁ፦ [ተነስቶ] ቆይ። እናንተ ሻንሲ ከሻንሲ መለየት ከየት መጣላችሁ? ማን ለካው? ማን ባለሙያ አይቶ ነው ጤነኛው የትኛው እንደሆነ ያወቃችሁት?

ፈዛዛው፦ ማንም አላየውም። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፣ እውነቴን ነው። ግራ ገብቶኝ እህቴ ጋ ሄድኩ፤ ወጥታ እንኳ አላየችውም። «ባሌ የመረጠው የትኛውን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያው ሌላኛውን ጋራዥ ውሰደው» አለች።