ከዱላው በፊት ምን ነበር?

ፍርድ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ሕግ ያልተማረ ሕግ ዐዋቂ አይጠፋም። የደብረ ብርሃኑ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ይባላሉ። ካፖርታቸውን እስከ ጆሯቸው ቆልፈው፣ ጣውላ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ሲጽፉ ይውላሉ። ሰው "ሊቀ አንቀጽ" ይላቸዋል። በአክብሮት ነው እንዳይባል ሲጠሯቸው ይስቃሉ፤ በንቀት ነው እንዳይባል ሁሉም ወረፋ ይይዛል።

ሊቀ አንቀጽ ቁስል ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። "የእጅ እልፊት አለ፤ ቀላል የአካል ጉዳት አለ፤ ከባድ የአካል ጉዳት አለ፤ ግድያም ራሱ ተራና ከባድ አለው" እያሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ጉንጩን በሻሽ ጠቅልሎ የሚያልፍ ሰው አስቁመው፣ "አይዞህ፣ አጥንት አልነካም፤ ቀላል ነው" ብለው ፈረዱለት። ሰውየው ጥርሱን አሞት ነበር።

ይሄስ ባልከፋ። አሳሩ ጥያቄያቸው ነው። እስክሪብቷቸውን ይከድኑና፣ "ቆይ፤ ከዱላው በፊት ምን ነበር?" ይላሉ። ስድብ ነበር። "ከስድቡስ በፊት?" በግ እህል በልቶ ነበር። "ከበጉስ በፊት?" ከጣርማ በር ተፈናክተው የመጡ ሁለት ጎረቤታሞች ሲጠየቁ ሲጠየቁ፣ በአያቶቻቸው ሠርግ ላይ ማን ከማን በላይ ተቀመጠ እስከሚለው ድረስ ወረዱ። እዚያ ላይ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊነሣ ነው ሲባል ክሱን ትተው አብረው ሮጡ።

የፋብሪካ ሠራተኞች አረቄ ቤት ተማትተው ሲመጡማ አገሩ ሁሉ "አረቄው ነው" ብሎ ፈርዶ ነበር። ሊቀ አንቀጽ ግን ልጆቹ ስድስት ሆነው በአንዲት የኪራይ ክፍል በፈረቃ እንደሚተኙ፣ የተማቱትም ወር ሙሉ እንቅልፍ የሚባል እንዳላዩ አወጡ። "አረቄ ምስክር እንጂ ዋና ተከሳሽ አይደለም" አሉ።

ሥርጉት ይህን ሁሉ አልሰማችም ነበር። ብትሰማ ኖሮ አትመጣም። ከአንኮበር የመጣችው ወንድሟ ዘርአ ዳዊት ጎረቤታቸውን ብርሃነ መስቀልን በዱላ ስለፈነከተው ነው። ወንድሟ ታስሯል፤ ብርሃነ መስቀል ሆስፒታል ተኝቷል፤ የብርሃነ መስቀል ወንድሞች ደግሞ "እሱ ቢታሰር የእኅቱ ባል አለልን" ብለዋል። ባሏ ማሳ ሲወርድ እስኪመለስ እሷ ደጅ ቆማ ነው የምትውለው። ከስሟ በቀር መጻፍ አትችልም። ሰው ፊት ልትናገር ስትል ደግሞ የነጠላዋ ጫፍ ቀድሞ አፏ ውስጥ ይገባል።

"ለወንድሜ የዋስ... እንዲያው ቢጽፉልኝ ብዬ።"

"የት ላይ መታው?"

"እዚህ ጋ።" የራሷን ጆሮ ግንድ ነካች።

"ተናገረ?"

"ትናንት 'ውሃ ስጡኝ' አለ።"

"ተመስገን! ውሃ ካለ ጉዳት ነው፤ ባይል ግድያ ነበር። አንድ ኩባያ ውሃ ነው የለያቸው፣ ልጄ። ቆይ፤ ከዱላው በፊት ምን ነበር?"

"ድንበር። ገፍቶ አረሰብን። ወንድሜ ግን 'በሽማግሌ ይታያል' ብሎ ትቶት ነበር።"

እስክሪብቶው ተከደነ። "የተወ ሰው ዱላ ከየት አመጣ?"

ሥርጉት ነጠላዋን ነከሰች። ሰውየው አልቸኮሉም። አስተያየታቸው እንደ ፖሊስ አልነበረም፤ የቆመ ሬዲዮ ፈትቶ ምን ነክቶት ይሆን ብሎ ውስጥ ውስጡን እንደሚያይ ሰው ነበር።

"መቀነቴን ፈትቼ ሰጠሁት" አለች በመጨረሻ። "'እንካ ይህን ታጠቅና ሱሪህን ለእኔ ስጠኝ' አልኩት። ሰው እየሰማ።"

ሊቀ አንቀጽ አፋቸውን ከፈቱ። ለዚህም አንቀጽ አላቸው፤ ማነሣሣት ይባላል። ቁጥሩ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሥርጉት በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ዋጡት። አጥሩ ሥር ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም ይላሉ።

"የዋሱን እጽፍልሻለሁ" አሉ። "ይሄኛውን ግን መጀመሪያ መስማት ያለባት የተመታው ልጅ እናት ናት።"

"እኔ እኮ ሰው ፊት..."

"ድንጋዩን እኔ እሸከማለሁ። ንግግሩ የአንቺ ነው።"

ደም የፈሰሰበት ቤት የሚለመነው ድንጋይ በማጅራት ተሸክሞ ነው። ተበዳይ ድንጋዩን ካወረደ ቂሙን አወረደ፤ ካላወረደ ለማኙ እንደ ጎበጠ ይመለሳል። እሑድ ረፋድ ላይ ሊቀ አንቀጽ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ የአንኮበርን ዳገት እያለከለኩ ወጡት። እየሞቱም ጥያቄ አላቆሙም፤ "ቆይ፤ ይህ መንገድ ከመጠረጉ በፊት በየት ነበር የምትወጡት?" ይሉ ነበር። ሥርጉት ከኋላ ሆና፣ ባሏ ሲገደል ከማየት ይህን ደጅ መርገጥ ይሻላል እያለች ለራሷ ታወራ ነበር።

የብርሃነ መስቀል ወንድሞች ዱላቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሊቀ አንቀጽ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እናትየው እማማ አስካለ ወጡ።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥርጉት ግን ነጠላዋን ከአፏ አወጣች።

"እማማ፣ ከዱላው በፊት እኔ ነበርኩ።"

መቀነቱንም፣ ያለችውንም፣ ማን ማን እንደሰማም ተናገረች። ወንድሞቹ ዱላቸውን አነሡ። እማማ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው አገዷቸው፤ ሥርጉትንም ብዙ አዩዋት።

"ቆይ" አሉ። "ከመቀነቱስ በፊት? የእኔ ልጅ ምን ብሎሽ ነበር?"

ድንጋዩ ከሊቀ አንቀጽ ማጅራት ሊንሸራተት ምንም አልቀረው። ጎንብሰው ፊታቸው ባይታይም ጆሯቸው ድረስ ፈገግ ማለታቸው ከኋላ ያስታውቅ ነበር።

"ምን ይገትራችኋል?" አሉ እማማ አስካለ ልጆቻቸውን ዞረው። "ከሽማግሌው ላይ ድንጋዩን አውርዱ። የእኛ ወሬ ረጅም ነው።"

ወንድሞቹ ተያዩ። ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ድንጋዩን ለሁለት ሆነው አወረዱት።

ሊቀ አንቀጽ አንገታቸው ሳይቃና እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። ሥርጉት እጃቸውን ያዝ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ይስሙ ብቻ።"