የቅዳሜ ሶፋዬና ጅቦቼ

ዲግሪ ያለው ወንድ እንደሚጫወተው ሕፃን ልጅ አይጫወትም። ሕፃን ሲደክመው ይተዋል፣ ሲርበው ያለቅሳል፣ ሲመሽ ይተኛል። ዲግሪ ያለው ወንድ ግን ለጨዋታው ደንብ ያወጣለታል፣ በደንቡ ላይ ይከራከራል፣ ለክርክሩ ደግሞ በስልኩ ግሩፕ ይከፍትለታል። ይህን የምለው ሐሜት አምሮኝ አይደለም። በሰው አገር፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር ባለው በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስለማየው ነው።

ጨዋታው የካርድ ነው። ካርድ ስላችሁ ንጉሥና ንግሥት ያሉበት፣ አጎቶቻችን ሰርግ ቤት ድንኳን ውስጥ የሚጫወቱት ካርታ እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ክንፍ ያለው ፈረስና ሌላም በሕልም ቢታይ ጸበል የሚያስኬድ ፍጥረት የተሳለበት ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን ካርድ እየገዛ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል፤ ጥቅሉን ዴክ ይሉታል። ከዚያ ይቀመጡና አንዱ የሌላውን ነፍስ በአውሬዎቹ ያስበላል። «ነፍስ» ያሉት ነጥቡን ነው፤ ፊታቸውን ላየ ግን እውነተኛው ነፍስ ይመስለዋል።

የእኛ ቤት ማኅበር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሁሉም ዴኩን ከአንድ ዓይነት ፍጥረት ብቻ ይሠራል፤ ውድና ጨካኝ ካርድ አይገባም፤ ጨዋታው «ካዥዋል» ነውና። ካዥዋል ማለት እንዲያው ለመዝናናት ያህል ማለት ነው አሉኝ። ካዥዋል ነው ተብሎ ቀለል ያለ ዴክ ይዞ የመጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። «ምንም አላዘጋጀሁም፣ እንዲያው ቅመሱ» ብላ በሬ የጣለች ባለድግስ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው።

አባላቱን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ዮናስ ነው፤ ጊጊሪ ባለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ በራሱ መኪና ይመጣል፣ ገና ከበር ሳይገባ የካሳራኒን መንገድ ይራገማል። ዴኩ ዘንዶ በዘንዶ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ሁለተኛው አቶ ገብረመስቀል ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተምረው ያመጡት አማርኛ ከእኛ አማርኛ የጠራ ነው። የሚጫወቱት በመላእክት ብቻ ነው፤ ሰው ከመግደላቸው በፊትም «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላሉ። ሦስተኛው ባሌ ዳዊት ነው። መሐንዲስ ነው፤ ዴኩ አይጥ ነው። አንድ ጊዜ ወጥ ቤታችን አይጥ ስትገባ ወንበር ላይ የወጣው ይኸው ዳዊት ነበር።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ከተማ እመላለሳለሁ። የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ፤ ይኸውም በረራ ያመለጠውንና ሻንጣ የጠፋበትን ሰው ስድብ ስሰማ እውላለሁ ማለት ነው። ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሶፋዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ መተኛት። በዚያ ሰዓት ግን ሶፋው ላይ ዘንዶ ተኝቶበታል። ሌላ ቦታ ተጫወቱ ብዬ ለመንኩ። የዮናስ ግቢ ዘበኞቹ እንግዳ ያንገላታሉ አሉኝ፤ የአቶ ገብረመስቀል ቤት ደግሞ ጸሎት አለ። በመጨረሻ ዳዊት እየሳቀ፣ አንድ ጨዋታ ካሸነፍሽን ጠረጴዛችንን ይዘን እንወጣልሻለን አለ። አቶ ገብረመስቀል ለዚህ ምስክር ነኝ አሉ። ዮናስ ከሳቁ የተነሳ ካርዶቹን በተናቸው።

ሳቁ ነው ሱቅ ድረስ የወሰደኝ። ከተማ መሐል፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ካርድ የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ አለች። ሻጯ ለጀማሪ ጥንቸል ጥሩ ነው ብላ መከረችኝ። ሦስት ባለ ዲግሪ በጥንቸል ላባርር ነው? ማንም የማይፈልጋቸው ካርዶች የተጣሉበትን ካርቶን ሳገላብጥ ጅብ አገኘሁ። ልጅቱ እንዳስረዳችኝ፣ ጅቦቹ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሠሩም። የሌላው ሰው አውሬ በሞተ ቁጥር ግን ይወፍራሉ፤ ወፍረውም ማጥቃት እንጂ መከላከል አያውቁም። እንዲህ ያለ ፍጥረት፣ ወንዶች ሲናከሱ ዳር ይዛ ለምታይ ሴት እንጂ ለማን ይሆናል? ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ጅብ ሁሉ ጠርጌ ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን መናገር ያሳፍራል። አልጋዬ ላይ ካርድ ዘርግቼ አንዱን ጅብ ሳስወጣ ሌላውን ሳስገባ ወጥ አሳረርኩ። ቢሮ አንዱ ደንበኛ ሻንጣዬ ጠፋ ብሎ ሲጮኽብኝ፣ በስንተኛው ዙር ላይ ነው የጠፋው ልለው ምንም አልቀረኝም። በየቅዳሜው ስንቃቸው የኖርኩትን ሰዎች ሆኜ ቁጭ አልኩ።

አንድ ችግር ግን ነበረብኝ፤ ጅብ ጊዜ ይፈልጋል። ወፍረውልኝ ተራዬ ሳይደርስ አንድ ሰው ቢዘምትብኝ አለቀልኝ። መላውን ያገኘሁት ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ስታዘባቸው ነው። በዚያ ቅዳሜ ዮናስ ሁርሊንግሃም ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ክትፎ ገዝቶ መጥቶ ነበር። አቶ ገብረመስቀል መላእክታቸውን አሰልፈው ሲያበቁ ዮናስን ዘለው ዳዊት ላይ ዘመቱ። ዳዊትም አይጦቹን እሳቸው ላይ ለቀቀ። ዘንዶዎቹ ማንም ሳይነካቸው አድገው ሁለቱንም በሉ። ዮናስ ዕድለኛ ነው ተባባሉ። ምን ዕድል አለው! የሰው ክትፎ እየዋጡ በዚያው ሰው ላይ አይጥ መልቀቅ ይከብዳል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በጨዋታው ደንብ ውስጥ አልተጻፈም፤ ጨዋታውን የፈጠሩት አበሾች ስላልሆኑ አይፈረድባቸውም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ምንቸት አብሽ ሠራሁ። አይብ በጎመንም አዘጋጀሁ። ጅቦቼን ይዤ ስቀመጥ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ዮናስ ፎቶ ሁሉ አነሳኝ። ምግቡን መጀመሪያ ላይ አላቀረብኩም። ጨዋታው ሲጦፍ ትሪውን አመጣሁና፣ ካርዳችሁ ዘይት እንዳይነካው እኔው ላጉርሳችሁ አልኳቸው። ካርዳቸውን ከዓይናቸው ብሌን አስበልጠው ይጠብቃሉ፤ ማን እምቢ ይላል?

ዮናስ ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ አንዴ ዘንዶውን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ «ሶሪ ዳዊት» ብሎ ዘንዶውን ወደ ባሌ ላከው። አቶ ገብረመስቀል ከመቀመጫቸው ተነስተው ጎረሱ፣ እጄን መረቁ፣ መላእክቱን በዮናስ ላይ አዘመቱ። ለዳዊት ደግሞ ባሌ ነውና ከሁሉም የሚበልጠውን ጠቀለልኩለት። ዘንዶው ሞተ፣ መልአኩ ሞተ፣ አይጡም ሞተ፤ ጅቦቼ ወፈሩ። እኔ ትሪውንና ካርዴን እየጠበቅሁ በትሕትና ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩ።

በመጨረሻ ጅቦቼ የሚበቃቸውን ያህል ወፈሩ። ተራው ተመልሶ እኔ ጋ ከደረሰ ሁሉንም እንደምጨርስ ማንም አላጣውም። ዮናስ አንድ ዘንዶ ቀርቶት ነበር፤ ወደ ትሪው አየና በቃኝ ብሎ አለፈ። አቶ ገብረመስቀል መላእክታቸውን በክብር አስቀምጠው ውኃ ጠየቁኝ። ሶፋዬን በዓይኔ ለካሁት፤ ትራሱን የማደርግበትን በኩል ሁሉ መረጥኩ። የቀረው ዳዊት ብቻ ነበር።

ዳዊት የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። ጣቱን በሶፍት ጠረገ። ከዚያ ያሉትን አይጦች በሙሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ በእኔ ላይ ለቀቀ። ሶሪ እንኳ አላለም። የወፈሩት ጅቦቼ ለጥቃት እንጂ ለመከላከል አይሆኑም ነበርና ነፍሴ እዚያው አለቀች።

ዮናስ «ኧረ ፖሌ ፖሌ ብሮ» አለው፣ ቀስ በል ማለቱ ነው፤ ለዮናስ እንኳ ከብዶታል። እኔ ትሪውን ከፊቱ አነሳሁ። ባዳዎቹ በአንድ ጉርሻ ሲሸነፉልኝ፣ ከተጋባን ጀምሮ ከእጄ የሚበላው ሰውዬ ዓይኑን አላሸም። አቶ ገብረመስቀል በዚያ በጠራ አማርኛቸው፣ ልጄ፣ አሁን ከእጇ ጎርሰህ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁት።

ዳዊት ግራ ተጋብቶ ተራ በተራ አየን። ከልቡ ነው የገረመው።

«ምን ነካችሁ» አለ፣ «እናንተ ናችሁ እንግዳ። እኔ እኮ የበላሁት የቤቴን ነው።»