የተርታሪዋ የበጋ ቀሚስ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ኪሮሽ ሠሪዎች አሉ፤ የሚሠሩና የሚተረትሩ። የሚሠሩት ሹራቡን፣ ኮፍያውን፣ የአልጋ ልብሱን ሰጥተውን ያልፋሉ፤ አመስግነን እንረሳቸዋለን። የሚተረትሩት ግን አይረሱም። እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ መሃል አንድ አትጠፋም። የክር ቦርሳ ከክንዷ አይለይም፤ ኪሮሿን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ትሰካዋለች። ከዓመት ዓመት ስትሠራ እናያታለን፤ የሠራችው ሲያልቅ ግን ያየ የለም። «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲሏት «ሊያልቅ ነው» ትላለች። መልሱ ከጥያቄው ጋር እንደማይገናኝ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ ክብርት ተርታሪ ናት። ማዕረጉን የሰጣት ባሏ ነው። እሱ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት አራሚ ሆኖ ሠርቶ በቅርቡ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዕድሜውን የሌላ ሰው ስህተት ሲለቅም ኖሯል። እሱ ስህተት ሲያገኝ በቀይ እስክሪብቶ ያከብበውና ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እሷ ስህተት ስታገኝ ግን ስህተቱ ወዳልተፈጠረበት ዘመን ትመለሳለች። «እስቲ አንዲት ዙር ብቻ ልፍታና» ብላ ክሩን ትስበዋለች። አንዲቷ ዙር ሁለት፣ ሁለቱ አሥር ይሆንና፣ ምሳ ሲቀርብ ከጠዋት ጀምሮ የተሠራው ሁሉ ጭኗ ላይ የክር ክምር ሆኖ ይገኛል። እሷም ደስ ብሏት «አሁን ገና ልክ ይመጣል» ትላለች።

ገድሏ ብዙ ነው። ለስድስት ሰው የምግብ ጠረጴዛ ተብሎ የተጀመረው ልብስ በየእርማቱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ የሬዲዮ ልብስ ሆኖ ቀርቷል፤ ባሏ ዜና መስማት ሲያምረው በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ ነው መክፈቻውን የሚያገኘው። ጎረቤታቸው የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ የተጀመረው የሕፃን ብርድ ልብስ ደግሞ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ሳምንት ተመርቆ ተሰጠ። ጎረቤትየዋ ጨዋ ስለሆነች «ለሚቀጥለው ይሆናል» አለች። የሚቀጥል እንደሌለ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስትሠራ ትቆጥራለች፤ ስትቆጥር ያናገራት ሰው መልሱን በቁጥር ያገኛል። አንድ ቀን እህቷ ደውላ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብትላት «አርባ ሰባት» አለቻት። እህትየዋ የቀራት አርባ ሰባት ቀን መስሏት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች እያለቀሰች ከተፍ አለች። ክብርት ተርታሪ በር ላይ ቆማ አየቻትና «አስረሳሽኝ!» ብላ ተቆጣቻት።

የሌላ ሰው ስህተትም አያስተኛትም። አውቶቡስ ውስጥ የኪሮሽ ሹራብ ለብሳ ከፊቷ የተቀመጠችን የማታውቃትን ሴት ትከሻ ነካ አድርጋ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እዚህ ጋ አንድ የክር ቀለበት ዘለሻል» አለቻት። ሴትየዋ «እኔ አልሠራሁትም፣ ከሱቅ ነው የገዛሁት» ብትላት፣ «እንግዲያው ሱቁ ዘሏል» ብላ ኪሮሿን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ባሏ በሚቀጥለው ፌርማታ አስወርዷት ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ጨረሱት።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራዋ ግን የልጇ የበጋ ቀሚስ ነው። በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው አንድያ ልጇ የጀመረችው ይህ ቀሚስ፣ ከቀጭን ክሬም መልክ የጥጥ ክር የሚሠራ፣ እጅጌ የሌለው፣ ከወገቡ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድና ዙሪያውን ሰባ ሁለት ቢጫና ሐምራዊ አበቦች የሚያርፉበት ነው። አበቦቹ አንድ በአንድ ለብቻቸው ተሠርተው ይሰፉበታል። በመጀመሪያው በጋ አንገቱ ጠበበ ተብሎ ተተረተረ። በሁለተኛው አበቦቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ መሰላት። በሦስተኛው ልጅቷ ከሳች። በአራተኛው ልጅቷ የምታገባውን ሰው አገኘችና፣ የእጮኛዋ ወላጆች ሁለቱን ቤተሰብ ለማስተዋወቅ እሑድ ምሳ ጠሩ። ክብርት ተርታሪ ዜናውን እንደሰማች «በዚህ ቀሚስ ነው የሚያዩዋት» ብላ አወጀች። «ይቺ ልጅ እናት እንዳላት በእጄ ሥራ ይወቁልኝ» ስትል ድምጿ ትንሽ ሰበር አለ።

ምሳው አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬ አጠገብህ ናት?»

«አጠገቤ ናት፤ ግን እየቆጠረች ነው። እንደሌለች ቁጠሪያት።»

«ቀሚስ ገዛሁ። ምን ላድርግ፣ አራት ዓመት ጠበቅኩ እኮ። ከዚህ በላይ ጠብቂ አትበለኝ። አደራህን እንዳትነግራት፣ ታዝንብኛለች።»

አራሚው «እሺ» አለና ስልኩን ዘጋ። ሚስቱን አያት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሐምራዊ አበባ እየሠራች ነበር። ልጁ ከሻንጣዋ ያንን የተገዛ ቀሚስ ስታወጣ የሚስቱ ፊት ምን እንደሚመስል በዓይኑ ላይ ዞረበት፤ ይህ እንዳይመጣ የሚችለውን ሁሉ ሊያደርግ ወሰነ። የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ቀሚስ እስከ ቅዳሜ እንዲያልቅ ማድረግ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ እሱ ሠራ። በር የሚያንኳኳውን እሱ አስተናገደ። ክሩን ጠቀለለ፣ አበቦቹን በመልክ በመልካቸው ለየ። ይባስ ብሎ፣ ልጁ ቁመቷንም ቅጥነቷንም የወረሰችው ከሱ ስለሆነ፣ ቀሚሱን እየለበሰ ሳሎን መሃል ይቆምላት ጀመር። ሚስቱ ተንበርክካ ዙሪያውን እየዞረች አበባ ትሰፋበታለች። እሱ እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን እያየ በልቡ የቀሩትን አበቦች ይቆጥራል። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ በዚህ ሁኔታ ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር ላለማሰብ ይጥር ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ክብርት ተርታሪ በግራ ዳሌው በኩል ስልሳ አንደኛዋን አበባ እየሰፋች ሳለ በሩ ተንኳኳ። አራሚው ዘለለ። መርፌው ወጋው። በሩ ደግሞ ገርበብ ብሎ ነበርና የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ «ቤቶች!» ብሎ ገባ። ቆጣሪው ከሳሎኑ በር አጠገብ ነው። ሰውዬው አራሚውን ከአበባው እስከ ባዶ እግሩ አየው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቆጣሪው ያው እሱ ጋ ነው።»

ሰውዬው አነበበ፣ ጻፈ፣ ደብተሩን አጠፈ። እግሩ ከበሩ ሳይወጣ ግን ዞር ብሎ «ካየሁ አይቀር ጋሼ፣ ወገቡ ላይ ሰፋ ብሏል» አለ።

ክብርት ተርታሪ ቀና አለች። «ሰማህ? እኔም እኮ ብያለሁ። እስቲ አንዲት ዙር…»

«የኔ ወገብ ነው የጠበበው!» ብሎ ጮኸ አራሚው። «ልጅቷ ትሞላዋለች! አንተም ሥራህን ብቻ ሥራ!»

ሰውዬው ሄደ። ሚስቱ አንድ ዓይኗን በሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗን ወገቡ ላይ አድርጋ፣ እጇ ብቻውን እየሠራ አበባዋን ሰፍታ ጨረሰች።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ቀሚሱም ከፊቷ ከመስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አራሚው ሻይ ይዞላት መጣ። ዓይኑ እንደ ልማዱ ከላይ ጀምሮ ወረደ፤ ግራ ዳሌው ላይ ሲደርስ ቆመ። ስልሳ አንደኛዋ አበባ ተገልብጣ ነበር። ለስላሳው ፊቷ ወደ ውስጥ፣ ቋጠሮዋ የሚታየው ጀርባዋ ወደ ውጭ ሆኖ ተሰፍታለች። ከሌሎቹ መሃል ለሱ ዓይን እንደ ጥቁር ነጥብ ጎላ ብላ ታየችው።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ እያየ ያለፈው ስህተት የለም። ከተናገረ ግን ያቺ አበባ ትፈታለች፤ ከሷ ጋር ጎረቤቶቿ ይፈታሉ፤ ከዚያ የቀሚሱ ጫፍ፣ ከዚያ ወገቡ፤ እሑድም ልጁ በሱቅ ቀሚስ ትቀመጣለች። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«በጣም ያምራል» አለ። ወዲያው ጓሮ ወጥቶ፣ ያልቆሸሸ መስኮት ማጠብ ጀመረ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሰባ ሁለተኛዋ አበባ ቦታዋን ያዘች። ክብርት ተርታሪ ክሩን ቋጠረች፣ ቆረጠችው፣ መቀሱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዘጋችው። አራሚው ይህን በዓይኑ ባያይ ኖሮ ማንም ቢነግረው አያምንም ነበር። ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ ቀሚሱን ከበሩ ትይዩ ተሰቅሎ አገኘችው። ሻንጣው ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ፣ አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው አላልኩሽም?» አለች እናትየዋ።

ልጅቷ ለበሰችው። ወገቡ ልክክ አለ። አንድ ጊዜ ስትዞር አበቦቹ አብረዋት ዞሩ፤ የተገለበጠችውም ዞረች፤ አራሚው ጥርሱን ነክሶ ጣራ ጣራውን አየ። ሻንጣው እስከ ማግስቱ አልተከፈተም።

የእሑዱ ምሳ እንደ ማንኛውም የመተዋወቂያ ምሳ ነበር። ሁሉም ሰው ሁሉም ነገር እንደጣመው ተናገረ። የእጮኛው እናት መነጽሯን አድርጋ የቀሚሱን ጫፍ በጣቷ ዳበሰችና «ይሄን የመሰለ ነገር ከየት…» ብላ ሳትጨርስ ልጅቷ «እናቴ ናት የሠራችልኝ፤ አራት ዓመት ፈጅቶባታል» አለች። ያለችው ጮክ ብላ ነበር፤ ጠረጴዛው ጫፍ ያሉትም ሰሙ። ክብርት ተርታሪ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን አውቶቡስ ተራ ሸኟት። ቀሚሱን አላወለቀችም፤ «ሰው ይየው» ብላ እንደለበሰችው ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሁለቱ እጃቸውን እያወዛወዙ ቀሩ።

«ግራ ዳሌዋ ላይ ያለችውን አበባ አይተሃታል?» አለች ሚስቱ፣ እጇን ሳታወርድ።

«የቷን?»

«ተው እንጂ! ጀርባዋን ወደ ውጭ ያደረገችውን።»

«ሐሙስ አይቻታለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔ ካንተ ቀድሜ አይቻት፣ መቀሱን ይዤ ልፈታት ቁጭ ብዬ ነበር። አንተ ሻይ ይዘህ መጣህ፤ አየሃት፤ በጣም ያምራል ብለኸኝ ወጣህ።» ወደሱ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ የሠርግ ጥሪ ሲመጣልህ እንኳን አርመህ ነው የምታስቀምጠው። የመድኃኒት ብልቃጥ ታርማለህ። እንዲህ ያለ ሰው ስህተት አይቶ ዝም ካለ የተደበቀብኝ ነገር አለ ማለት ነው አልኩ። መስኮት ስታጥብ ደግሞ እርግጠኛ ሆንኩ። ወጥ እየሠራህ፣ ቀሚስ እየለበስክ እንዲህ ያጣደፈህ፣ ልጄ ሌላ ቀሚስ ገዝታ ቢሆን ነው።»

አራሚው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ስለዚህ መቀሱን አስቀመጥኩት» አለች። ቀጥላም «ምን ዓይነት ነው የገዛችው?» ብላ ጠየቀች።

«አላየሁትም። ሰማያዊ ነው መሰለኝ።»

«ሰማያዊ አይሆናትም።»

አራሚው ሚስቱን አያት። አንዲት የተዛነፈች ቀለበት አይታ ማለፍ የማትችል ሴት፣ የተገለበጠች አበባ እያየች ሦስት ቀን ችላለች። ወደዳት፤ ሲወዳት የኖረ ቢሆንም አሁን እንደ አዲስ ወደዳት።

«እና አላስቸገረችሽም?»

«ገደለችኝ እንጂ። ሰዎቹ ቤት ምኑን እንደበላሁ አላውቅም። አንተንስ?»

«ስልሳ አንደኛዋ ናት» አለ አራሚው። ዓይኑ ከአውቶቡሱ ላይ አልተነቀለም። አውቶቡሱ ገና ከመውጫው በር አጠገብ ተራውን እየጠበቀ ነበር። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ብንሮጥ እኮ እንደርስበታለን፤ ሾፌሩን እኔ አነጋግረዋለሁ…» ብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ክብርት ተርታሪ የኮቱን እጅጌ ጨብጣ ያዘችው። «ተዋት። ትሂድ» አለችው።

ሌላው እጇ ግን መቀሱን ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። አራሚውም ይህን ስላየ በሌላው እጁ አጥብቆ ያዛት፤ አውቶቡሱ በሩን አልፎ ከመኪናዎቹ መሃል እስኪገባ ድረስ እንደተያያዙ ቆሙ።