ፈረሰኛው ሲፈራ

በዓል የሚደግስ ሰው ሞልቷል። የሚጠፋው «ይቅር» የሚል ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ፊታችን ቆሞ እንኳ ሁሉም አንጋጦ ያያል፣ «እንግዲህ...» ይላል፣ ይተወዋል። የቀረውን ሌላ ሰው እንዲጨርስለት ነው። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትዋሹኝ።

እኛ በጥምቀት ሙጃ ሜዳ ላይ ፈረስ ስናሽቀዳድም ለዚህ መላ ነበረን። ሜዳው ከከፋ፣ ሽቅድድሙ ይቅር ማለት የሚችለው ያለፈው ዓመት አንደኛ ብቻ ነው። ሌላው ቢናገር ፈሪ ይባላላ። አንደኛውን ግን ማን ደፍሮ? ጥምቀት ደረቅ ነውና ሲሠራበት አይቼ አላውቅም ነበር።

ደርግ መጣና ሽቅድድሙን ወደ አብዮት በዓል፣ ወደ መስከረም አዞረው። በእኛ ደጋ መስከረም ሲጠባ ክረምቱ የሚወጣው በሬዲዮ ነው። ይቅር የማለቱንም ሥልጣን የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ ወሰደው።

በዚያ ዓመት ልጄ ደሳለ በቦራችን ሊጋልብ ተነሳ። ያለኝ ልጅ እሱ፣ ያለኝ ፈረስ ቦራው ነበር። ያለፈው ዓመት አንደኛ ደግሞ ካሳው ነው፤ በውሃ መውረጃ ስንነታረክ የኖርን ጎረቤቴ።

ጠዋት በረዶ ጣለ፤ ረፋዱ ላይ ሜዳው ጭቃ ሆነ። ፈረሶቹ ዞረው የሚመለሱት ገደሉ አፋፍ ላይ ካለችው ጥድ ነው። ጥዷን ጭጋግ ዋጣት። ዳስ ውስጥ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የአብዮት በዓል ይቅር ብሎ ማን ራሱን ያስጠምዳል? ሰፊው ሕዝብ ይወስን አለ። ሰፊው ሕዝብ መሬት መሬቱን አየ። አንዱ ተነስቶ ዝናብ አብዮቱን አይገታውም አለ። እሱ ፈረስ የለውም። እኔ ልናገር ስል ደሳለ በዓይኑ ለመነኝ፤ ዝም አልኩ። ፈሪ አባት ይዞ ሊኖር ነዋ።

ያኔ ካሳው ተነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ፈርቻለሁ።»

ሊቀመንበሩ ቀና አለ።

«ምኑን ነው የፈሩት፣ አያ ካሳው?»

«ሜዳውን። ዛሬ ፈረሴን አልጭንም። አንደኛው ፈራ ብላችሁ ጻፉ።»

አንድ ቀልደኛ ከዳር ሆኖ «የደሳለን ቦራ አይተው ነዋ» አለ። ሰው ሳቀ። ካሳው እንዲህ ያለ ነገር የሚውጥ ሰው አልነበረም። ዋጠው።

ሊቀመንበሩ እፎይ ብሎ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል አለ። ቀርቷል አላለም፤ የአብዮት ነገር አይቀርማ።

ከሰዓት ጭጋጉ ሲገለጥ ጥዷ የለችም። አፋፉ ተንዶ ከነሥሯ ይዟት ወርዷል። ደሳለ የቦራውን አንገት ሲያሻሽ ቆየ። እኔ ካሳው ደጅ ሄድኩ።

«ካሳው» አልኩት።

«ተወው» አለኝ።

ምስጋናዬ ይኸው ነበር። የውሃ መውረጃውን ነገር ከዚያ ወዲያ አንስቼ አላውቅም። እሱ ግን ያነሳል።

የተላለፈው ሽቅድድም ሳይካሄድ ቀረ። በዓመቱ ድርቅ ሆነ፣ ቀጥሎ ጦርነት፤ ኋላ ደርግ ራሱ ሄደ። ስለዚህ ካሳው እስከ ዛሬ አንደኛ ነው፤ ጠላ በቀመሰ ቁጥር ያስታውሰናል። ሪዙ የሸበተው ደሳለም «ያን ቀን ብንጋልብ እቀድመዎት ነበር» ይለዋል። ከዚያ ሁለቱም ፍረድ ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ።

እኔ ብዙ አልናገርም። «አንደኛው ካሳው ነው» እላለሁ። ልጄ ይቆጣል።

ይቆጣ። የሚቆጣ ልጅ አለኝ።