ሸክላው ላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ

አንባቢ ሆይ፣ በስልሳዎቹ መጀመሪያ ያ ዝነኛ ዘፈን ሲቀረጽ ስንት ሰው ያጨበጨበ ይመስልዎታል? ሦስት ነበርን። እዚህ አሜሪካ፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ፣ ሽማግሌዎች በምንውልበት ቤት ግን ዘጠኝ ሆነናል። ሁሉም "ሸክላው ላይ የምትሰማው የእኔ ጭብጨባ ናት" ይላል። ዘፋኙ ሞቷል፤ ማን ይመስክር?

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ። ፀጉሬ እንኳ የጠቆረው በቀለም ነው። ይህ ግን እውነት ነው፤ ያለኝም እውነት እሱ ብቻ ነው።

ማስረጃም አለኝ። ሁለተኛው አዝማች ላይ አንዲት ጭብጨባ ዘግይታ ትሰማለች። የእኔ ናት! በእሷ የተነሳ ዘፋኙ በጥፊ ሊለኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ምስጢሩን ለምትንከባከበን ለሳራ ብቻ ሹክ አልኳት።

"ኦኬ ጋሼ፣ ቼክ አደርጋለሁ" አለችና ዘፈኑን በስልኳ ከፈተችው። "አባቶች፣ ሁላችሁም ልክ እንደዚያን ቀን አጨብጭቡ!"

አጨበጨብን። ሁለተኛው አዝማች ሲደርስ ሌሎቹ ስምንቱም ሽማግሌዎች ዘገዩ። እርጅና ነዋ! አንዱማ ዘፈኑ ካለቀ በኋላም እያጨበጨበ ነበር።

ሳራ በሐዘን አየችኝ። "ሶ... ጋሼ፣ ልክ የመቱት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ አልነበሩም ማለት ነው?"

ያቺን አንዲት ጭብጨባ ለማረም ሃምሳ ዓመት ሙሉ መታጠቢያ ቤት ተዘግቼ ስለማመድ ኖሬያለሁ።